ዝምድና

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር፤ ውርጩ መስኮቱን ሲልስ፣
ካርድ ክፍል ቆሜያለሁ፣ በክንዴ የፋብሪካው ብርድ ልብስ።

«ዝምድናሽ?» አለኝ ጸሐፊው፣ ቀና ሳይል ከወረቀት።
እህቷ ነኝ ብል ውሸት፣
ጎረቤት ነኝ ብል ክህደት፣
እውነቱን ብል ለሁለታችንም የማይነጋ ሌሊት።

አሥራ አንድ ዓመት ባንድ ቁልፍ የተከፈተ በር፣
ጡቷ ሥር ያደረችውን ጠጠር ቀድሞ ያገኘው የኔ ጣት ነበር፤
ይህ በየቱ መስመር ይስፈር?

ሲስተር ይርገዱ መጣች። አየችኝ። ብርድ ልብሱንም አየች።
ብዕሩን ከእጁ ወስዳ፣ «አስታማሚ» ብላ ጻፈች፤
ማታም ወንበር ካልጋው አስጠጋች።

ጠባብ ቃል ናት። ለዛሬ ሌሊት በቃችን።

ትርንጎ ዓይኗን ሳትገልጥ፣
«እግሬን» አለች፣ «አልብሺኝ»።