የጎን ሂሳብ

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ደረጃ ነው አገሩ፤
ቤቱ ተራራ ላይ፣ ከታች ነው ባሕሩ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ፖስታ ተሸክሜ፣
ከውሻ ተጣልቼ፣ ዳገት ተሳልሜ፣
አንዱን ከረጢቴን፣ ማታ እሰቅለዋለሁ፤
ሁለቱን ከፊቴ፣ ይዤ እተኛለሁ።

ትከሻዬን ብታይ፣ የማሰሪያው መንገድ
ሁለት ቦይ ቆፍሯል፣ ውሃ የሚያስወርድ።
በጥር ወበቅማ፣ ከሥር ይቆስልና፣
ዱቄት ብነሰንስ፣ ሊጥ ይሆናል ገና
ምሳዬን ሳልበላ።

«ይቀነስልኝ» ስል፣ ማንም አልከለከለኝ፤
የጀርባዬ ሕመም፣ ዋስ ሆኖ ፈረመልኝ።

ጥያቄው የመጣው፣ ሐሙስ ከሰዓት ነው።
ዶክተር ባራኦና፣ ብብቴን ዳሰሰው፤
መነጽሩን ገፋ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፦
«የፊቱ ሲቀንስ፣ ይታያል ጎን አድጎ።
ከብብት እስከ ጀርባ፣ ያለውን ይህን ስብ
በቀጭን ቱቦ ነው፣ መጥጠን የምንሰበስብ።
አንድ ማደንዘዣ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ሌሊት።
ብቻ… መድን አይከፍልም» አለና፣ አየ ሰዓት።

ወረቀት ዘረጋ፣ በሁለት ዓምድ ከፍሎ፤
በግራው «አስፈላጊ»፣ በቀኙ «አማራጭ» ብሎ።
ከአማራጩ ግርጌ፣ የሠፈረው ዋጋ
የቤቴ ጎን ነበር፣ ንፋስ ያራገፈው፣ የዛሬ ሁለት በጋ።
ለአዲስ ቆርቆሮ ብዬ፣ ፔሶ በፔሶ ላይ፣
በብስኩት ጣሳ ውስጥ፣ ሰው ሳይሰማ ሳያይ
ያኖርሁት ነበረ፤
አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይተርፍ።

እኅቴ ኤርሚንያ፣ ስልኩን አንሥታ ሳቀች፤
«በአርባ ዘጠኝ ዓመት፣ ለማን ነው?» ጠየቀች።

ለማን ነው?
ባሌ ኦስቫልዶማ፣ ሄዷል አንቶፋጋስታ፤
ላይመለስ ሄዷል፣ ሳይል ደኅና ሁኚ፣ ሳይሰጥ ሰላምታ።
«ከጎንሽ አልለይም» ያለኝ ሰው ተለየኝ፤
ከጎኔ ያልተለየ፣ ይህ ስብ ብቻ ቀረኝ።
ታዲያ ይህን ታማኝ፣ ከፍዬ ላስወጣው?
ምን አጠፋ ብዬ፣ በምኑስ ልቆጣው?

ልጄ ያስና ብቻ፣ ካንገቷ ቀና ብላ፣
«ትፈልጊያለሽ?» አለች፣ የያዘችውን ዳቦ ሳትበላ።

ትፈልጊያለሽ።
ይህን ቃል ማን ጠይቆኝ ያውቃል?
«ያምሻል?» ብለውኛል። «ትችያለሽ?» ብለውኛል።
«ይበቃሻል?» ብለው፣ ሳልመልስ፣
ጭልፋውን ወደ ድስቱ መልሰዋል።

ሌሊት መስታወት ፊት፣ ክንዴን አነሣሁት፤
ያን ጥቅል ሥጋዬን፣ በእጄ ጨበጥሁት።
አያምም።
አይቆስልም፣ ደረጃ ላይ አያስቆምም፤
ሰበብ የሚሆነው፣ አንድ እንኳ የለውም።
ብቻ እሱን ስደብቅ፣ ሠላሳ ዓመት ኖርሁ፤
በጋም ሆነ ክረምት፣ ካፖርት ደረብሁ፤
ባሕር ከደጄ ሥር፣ ባሕር አልገባሁ።

ስብን ከስብእና፣ ለይቶ የሚመጥጥ፣
ያለፈኝን በጋ፣ መልሶ የሚሰጥ
ቱቦ የለም፤ አውቃለሁ።
እብጠት አለው፣ ብለውኛል፤ ስድስት ሳምንት ጠባብ ልብስ፤
ምናልባትም ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ጎን።
ፊርማዬም ከቀን ቀን አይመሳሰልም፤
ኖሬበታለሁ።

ማክሰኞ ሄድሁና፣ ወረቀቱን ስቤ፣
«አማራጭ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ
«ፈለግሁ» ብዬ ጻፍሁ።
ጸሐፊዋ ቀና አለች፤ «እንዲህ አይሞላም» አለችኝ።
«ይኸው ሞላሁት።»

ማታ ደረጃውን፣ ቀስ ብዬ ስወጣ፣
ከባሕሩ በኩል፣ ያው ንፋሱ መጣ፤
ቆርቆሮውን ያዘ፤ አንኳኳ፣ አንኳኳ።
ይቅር በለኝ ቤቴ፤ የዘንድሮው ተራ
የኔ ጎን ነው፣ በቃ።

ጣሳውን ገልብጬ፣ ባዶነቱን ሰማሁ፤
ከሥሩ የቀረች፣ አንዲት ሚስማር አገኘሁ።
እሷን መታሁ።