ሁለት ነጥብ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቴን ሸፈነው፤
መብራት ከሄደ እንኳ ሁለት ሰዓቱ ነው።
ባትሪው ዐሥራ አራት ከመቶ ቀርቶታል፤
ስህተቱ ግን እዚሁ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

የአባቴን የቅሬ መዝገብ ነው የምገለብጠው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በብዕሩ ያሰፈረው፤
ማን እንዳዋጣ፣ ማን ድንኳን እንደ ተከለ፣
ማን ከቀብር ቀርቶ ቅጣት እንደ ከፈለ።
(የራሱ ቀብር ብቻ፣ የዛሬ ኅዳር የሆነው፣
በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ ነው።)

በስምና በስም መሐል ሁለት ነጥብ ነበር፤
ለእሱ ደጃፍ ነበር፣
ልጅ ወጥቶ አባት የሚገባበት በር።

ቋንቋው ግን፣ በነፃ ያወረድኩት ቋንቋ፣
ባለቤት የሌለው፣ እንደ ሰፈር ቧንቧ፣
የጠማው የሚቀዳው፣ የቻለ የሚጠግነው፣
ያን በር አያየውም፤ ለእሱ ግድግዳ ነው።
«ስሞቹን ቁጠር» ስለው፣
ሙሄ፡ይማም፡አበጋዝ፣
«አንድ» ይለኛል። አንድ ሰው።
አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት
በአንድ ቃሬዛ ላይ ተጭነው።
ጎረቤታችን ጌጤ፡ውባለም፡ደርሶም ያው፤
መቁጠሪያቸው ቢለያይም ቆጠራቸው አንድ ነው።

መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ።
አራት መቶ መስመር፤ ግማሹን ቆረጥኩት፤ አለ።
ከቀረው ግማሹን ደግሞ፤ አሁንም አልተነቀለ።
እየቀነስኩ፣ እየቀነስኩ፣ ሦስት መስመር ሲቀር
ጥፋቱ የቋንቋው እንጂ የእኔ አልነበር።

ጻፍኩላቸው፦
«የጠበቅኩት፣ ሦስት። ያገኘሁት፣ አንድ።»
እንዴት ናችሁ፣ ልጁ፣ ከብቱ፣ ሰብሉ ሳይባል
ለወሎ ሰው እንዲህ መጻፍ ነውር ይመስላል፤
እነሱ ግን የሚሹት ይህንኑ ነው አሉ።

አንዱ መለሰልኝ፣ አገሩን የማላውቀው፣
«አልታየኝም፤ እኔ ጋ ደኅና ነው።»
ሰፈሬ ሳላይሽ፤ መልሱም ሳላይሽ ነው።
ሌላዋ፣ «ስህተት አይደለም፤ ሲሠራ ታስቦ ነው።»
ሦስተኛው፣ «ይህን የሚጠቀም ስንት ሰው አለ?»
ልቆጥርለት ሞከርኩ፤
ቋንቋው «አንድ» አለ።

ተናድጄ ጻፍኩ፤ አጠፋሁት፤ ደግሜ ጻፍኩት፤
ከመዝገቡ አንዱን ገጽ ፎቶ አንሥቼ ላክሁት፣
ከነአውራ ጣቱ አሻራ፣ ከነቀለሙ ጠብታ።

ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ለሥራ ስወርድ፣
ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሚኒባሱ ሲያረግድ፣
ስልኬ ነዘረ። ከማላውቀው ሰው አንዲት ቃል፤
«አየሁት።»
ዶሮ ታቅፈው ከጎኔ የተቀመጡት እናት
«ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ?» አሉኝ።
«አይ እማማ፣ ስህተቴን አዩልኝ።»
«ታዲያ ስህተትሽ ቢታይ ነው የምታለቅሺ?»

ዐሥራ አንድ ሳምንት ተከራከሩ።
የተለወጠው አንድ መስመር ነው።
ከለውጡ ዝርዝር ግርጌ «ሉባብ» ብለው አመሰገኑኝ፣
ከስሜ አንድ ፊደል ገድፈው።
እሱንም ላመልክት? ተውኩት።

አዲሱን ጭኜ ቁጠር አልኩት፤
ሙሄ
ይማም
አበጋዝ።
ሦስት። በየመስመራቸው፣ በየብቻቸው።
አጨበጨብኩ፣ ከዚያ እጄ አየር ላይ ቀረ፤
አባቴ እንዲህ ብቻውን ቆሞ አይቼው አላውቅም ነበረ።

አሮጌውን አላጠፋሁትም።
ጉም የወረደ ሌሊት አስነሣዋለሁ፤
ስሞቹን እሰጠዋለሁ፤
«አንድ» ይለኛል።
አልከራከረውም።