የእርጥበት ሂሳብ

በቦሊቪያ ተራሮች፣ በዋኑኒ፣
ያሰጣሁት ሸሚዝ ጀርባዬን ሳልሰጠው
እንደ ጣውላ ይቆማል፤ ነፋስ ነው የመጠጠው።

ባሌ ሴቬሪኖ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓለት ሲበሳ ኖሮ
ሁለት ነገር ይዞ ወጣ ከጉድጓዱ ዘንድሮ፤
አንዱ የግንባር መብራት፣
አንዱ የማይለቅ ሳል፣ ሌሊቱን የሚቆጥርበት።

ሥራ ፈት እጅ አያርፍም፤ ከዓሣ ሻጮች ጓሮ
የፎም ሳጥን ለቀመ፤ ክዳኑን በካራ ሰርስሮ
መስታወት ገጠመለት፤ አምፖል ሰቀለ ከውስጡ፤
ከዶኛ ቶማሳ ቤት አሥራ ሁለት ዕንቁላል መጡ።
ሙቀቱን አሳመረ፤ ሠላሳ ሰባት ተኩል።
ውሃውን ግን ረሳ።

በሃያ አንደኛው ቀን አንዱ ቅርፊት ነቃ፤
ምንቃር ብቅ አለ፤ ደስታችን እዚያው ላይ አበቃ።
በየሰዓቱ ክዳን እየከፈተ «አይዞህ» ሲለው
በከፈተ ቁጥር ደረቁን ነፋስ ነው ያስገባለት።
ስሱ ሽፋን እንደ ብራና ላባው ላይ ደርቆ
ጫጩቱ መዞር አቅቶት ቀረ በገዛ ቤቱ ታንቆ።

አሥራ ሁለቱንም ቀበርን። ምንም አላለ።
ማታ ላይ፣ ሳሉ ጋብ ሲል፣
«መሰርሰሪያ ያለ ውሃ ይፈጥናል» አለ።
«ክፍያው በሜትር ነበር፤ እኛም ፍጥነቱን ወደድን።
ያልረጠበው አቧራ ግን ይኸው እዚህ ነው።»
ደረቱን መታ።

ኒልዳ ልጃችን ከአንቶፋጋስታ ወደብ
የእርጥበት መለኪያ ላከችለት። አላመነውም።
በቆርኪ ጨው አርጥቦ፣ ከመለኪያው ጋር በላስቲክ ቋጥሮ
አሳደረው፤ ሰባ አምስት ማለት ነበረበት፤
ስልሳ ስምንት አለ። «ሰባት ይሰርቃል» ብሎ
ግድግዳዬ ላይ በከሰል ጻፈው። አልተቆጣሁም።

የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጄ ጠፋ።
ስጠይቀው ዓይኑን ሰበረ።

ሌሊት የግንባር መብራቱን ዕንቁላል ሥር ያበራል፤
የአየር ጓዳዋን ጠርዝ በእርሳስ ያሰምራል፤
ትናንት እዚህ፣ ዛሬ እዚህ፤
ጓዳዋ ቶሎ ከሰፋች ውሃ ያክላል፣
ካልሰፋች ይቀንሳል፤ በገዛ ውሃው የሚሰጥምም አለና።
ተራራ ሲቦረቡር ያልፈራ ሰው
አውራ ጣት የምታህል ዋሻ ታስደነግጠዋለች።

በአሥራ ስምንተኛው ማታ ለብ ያለ ውሃ ጨምሮ፣
ሁለተኛ ስፖንጅ አክሎ፣ ክዳኑን በገመድ አሥሮ
ጫፉን ለኔ ሰጠኝ፦ «ብለምንሽም እንዳትፈቺ።»

በሃያኛው ሌሊት መስታወቱ አላበው፤ ምንም አይታይም።
ድምፅ ግን አለ። ጠቅ። ጠቅ።
«ዋሻ ተደርምሶ» አለኝ፣ «ከናዳው ወዲያ
ቧንቧ ሲመቱ እንዲህ ነበር የሰማነው።
የቸኮለ ናዳ ይጨምራል።»
እጁን ጭኑ ሥር ቀብሮ ተቀመጠ።
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ለመነኝ። አልፈታሁም።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰደበኝ። አልፈታሁም።

ካሥራ አራት ዘጠኝ ወጡ፤ የአንዱ እግር ጠማማ ነው፤
አምስቱ ለምን እንደቀሩ እሱም እኔም አናውቀው።
ገመዱን ስፈታ የሳጥኑ ትንፋሽ ፊቱን አራሰው፤
ዓይኑን ጨፍኖ ሳበው። ሳለ። ሳቀ። ደግሞ ሳበው።

ጫጩቶቹ ምድጃ ዳር ተዛወሩ፤ ሳጥኑ ቀረ ባዶ፤
መለኪያውን ራስጌያችን አኖረው፣ እጁ ተላምዶ።
ሲያንቀላፋ በመብራቱ አየሁት፦
አሥራ ሁለት። የሰረቀውን ሰባት ስመልስ፣ አሥራ ዘጠኝ።

ተነሣሁ።
ስፖንጁን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ
ትራሱ አጠገብ አኖርኩት፤
በሩንም ዘጋሁ፣ ነፋስ እንዳይገባ።