ቆጣሪ

ቃሊቲ፣ ከጉምሩኩ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ጓዳ ውስጥ
ሃያ ሁለት ዓመት ቆማለች ጃዋችን፣ ጎማዋ ሳይነፋ፣ ቦታዋ ሳይለወጥ።
ዶሮ ወርሷታል።
የፊት መብራቷ ጎጆ ሆኖ፣ ጭድ ተጎዝጉዞበት፣
እንቁላል አገኘሁ አምፖሉ በነበረበት።

ቆራሌው ደጅ ቆሞ፣ ማዳበሪያውን ጥሎ፣
«በኪሎ ነው» አለኝ፣ ሰልባትዮዋን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ፣ ዋጋዋን አቃሎ።
ልስማማ ስል ነው
አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግ ያደረግሁት፣ ከመሪዋ መሃል፥
አርባ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ስድስት ይላል።

አባቴ የመብራት ኃይል ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤
ከሳሪስ እስከ ዱከም ደጅ ለደጅ ሲዞር
የሰው መብራት እየጻፈ፣ በሰው ውሻ እየተነከሰ፣
በዚህች ቀይ ብረት ላይ ጉልበቱን ጨረሰ።
«ሂድ» አልኩት ቆራሌውን።
እያጉረመረመ ሄደ።

መጀመሪያ ዘርጋው መጣ፣ የፋብሪካ ቶርኖ ጡረተኛ፣
አንድ ጆሮው ከማሽኑ ጋር የቀረ፣ በሌላው ግን የሞተር ሳል ዳኛ።
ፒስተኑን ሲነካው እንደ ሐኪም ዓይኑን ጨፈነ፤
«ደርቃ እንጂ አልሞተችም» አለ፤ ነገሩ በዚያ ተወሰነ።
ሸምሱ ከምናለሽ ተራ፣ ካርቡራተር በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
ስድስት ወር የፈለጋትን ከብብቱ አውጥቶ፣ «ዋጋዋን አትጠይቂኝ» ብሎ።
ትርሲት ከገላን፤ የሽቦ ነገር የእሷ ነው። አይጥ የበላውን ፈትታ
ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አስታረቀች፣ እልኳን በትዕግሥት ረትታ።
ቱጁባ ምንም አያውቅም። እሱም አንዲት ጃዋ አለችው፣ የማትነሳ፤
እሑድ እሑድ ይመጣል፣ ቡሎን በናፍጣ ያጥባል፣ ትንፍሽ ሳይል፣ ምሳ
እስኪደርስ።

ጭቅጭቅ አልጠፋም።
ሸምሱ፣ «ኦሪጅናል ካልሆነ ቁርጥራጭ ብረት ነው» ይላል።
ዘርጋው፣ «ኦሪጅናል ሰውስ የታለ?» ብሎ ጥርሱን ያሳየዋል፣ ሁለቱ ሰው ሠራሽ።
መጨረሻ ላይ ስፖኪዮው ከባጃጅ፣ ወንበሩ ከሶፋ ቆዳ፣
ማርሚታው ከውሃ ቧንቧ ተበየደ። ሸምሱ ሁለት እሑድ ቀረ፤
በሦስተኛው ዳዶ ይዞ መጣ።

ቆጣሪው ላይ ስንደርስ ትርሲት ብርጭቆውን ከፈተች።
«ገመዱን ዝገት በልቶት እንጂ ልቡ ደህና ነው» አለች፤
«ከዜሮ ላስጀምረው? አዲስ ሕይወት ናት አሁን።»
ሁሉም እኔን አዩኝ። ቱጁባ እንኳ ቡሎኑን አስቀመጠ።
«ከቆመበት» አልኩ።

በዘጠነኛው ርግጫ ነው የተነሣችው።
መጀመሪያ አስነጠሰች፤ ዘርጋው ደህናውን ጆሮ አስጠግቶ
በካቻቪቴ ሩብ ዙር ሰጣት፣ ትንፋሹን ገትቶ፣
ከዚያ ሰማያዊ ጭስ! ዶሮዎቹ በአጥር ዘለሉ፣
የጎረቤት ሕጻናት በሩን ሞሉ።
እኔ ወጣሁባት። ከባድ መኪናው በረድፍ ተኮልኩሎ፣
በመሃሉ ሾልኬ፣ ነፋሱ ሻርፔን ነጥቆ፣ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ኮብልሎ፣
ማሠልጠኛው ጋ፣
ጠፋች።

ቤንዚን።
ለሙከራ በሃይላንድ ያንጠባጠብነው ብቻ ነበር።
አራት አዋቂ፣ ከእኔ ጋር አምስት፤ አንድም ያሰበ የለ።
ሮጠው ደረሱብኝ፤ ዘርጋው እየሳለ፣ ሸምሱ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።
ገፋን።
ጎንበስ ብዬ ስገፋ ነው ያየሁት፥
ስድስቷ ቀስ ብላ ተጋደመች፣ ሰባት ብቅ አለች፣
ሞተሩ ጠፍቶ።

ለካ አይለይም ቆጣሪ፤ ቢነዱትም ቢገፉትም
ጎማው እስከዞረ ድረስ መቁጠሩን አይተውም።
አባዬ፣ አርባ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ስድስት፤
ስንቱን ጋለብኸው፣ ስንቱን ገፋኸው?
ዝናብ ሲመታህ ከኋላ ማን ነበረ?

«ማደያው ጋ ሰልፍ አለ» አለ ቱጁባ፣ የዚያን ቀን የመጀመሪያ ቃሉን።
ይኑር። ዳገቱን ጨረስን፣
ሰልፉ ጭራ ላይ አቆምናት፣ የባጃጁ ስፖኪዮ ውስጥ
አምስት ላብ ያጠመቀው ፊት።