መንገዳገድ

ሱቄ ሰዘርላንድ ነው፣ ከካሩ ሜዳ ዳር፤
በሰኔ ውርጩ ውሃን ቧንቧ ውስጥ በሚያስርበት አገር።
ሰው የሚገዛውን አውቃለሁ፤ ቆጥሬ ነው የኖርኩት፤
የማን ቤት ሰው ሞተ፣ የማን ልጅ ተመለሰ፣ በዱቄት ነው የለየሁት።
ከባንኮኒው ጀርባ ሁለት ዱካ አለ፤ አንዱ ላይ እኔ አለሁ፤
ሌላው አቧራ ለብሷል፤ እሱን ከቁጥር አውጥቼዋለሁ።

ጌሲና ግን ቁጥሬን አሳተችኝ።

ባሏ ፍሎርስ፣ የነፋስ ፓምፕ ጠጋኙ፣ ከሞተ ሦስት ዓመት፤
እሷ ግን እስከ ዛሬ፣ ዓርብ ዓርብ ማታ፣ ሁለት ዳቦ ከኔ ቤት።
ስትሄድም አይቻለሁ፤ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪና የለበት፤
እሷ ጥጉን ይዛ፣ ግማሹን ትታለት።
አንዳንዴም ዘንበል ትላለች፣ ነፋስ ሳይነካት፣
ክንዷን ይዞ አንድ ሰው ወደ ጎን እንደሳባት።
ሰፈሩ «ወይን ነው» አለ፤ «እርጅና ነው» አለ ሌላው።
እኔ ዝም አልኩ፤ ዕዳዋን ከፍላ ነው የምትሄደው።

ኮረብታው ላይ ካለው ጉልላት ሥር ወለል ታጸዳለች፤
ሥራዋን ስትጨርስ ከሽማግሌው ታልያርድ ጋር ሻይ ይዛ ትቀመጣለች።
አንድ ዓርብ ዳቦዋን ስጠቀልል፣ ሳልጠይቃት ነገረችኝ፤
«አንዲት ኮከብ አለች፣ ደማቅ፤ እንደኔው ናት» አለችኝ።

«ታልያርድ አርባ ዓመት ጠበቃት፤ ቀጥ ብላ አትሄድም፤
ትንገዳገዳለች። ግን ጠጥታ አይደለም።
የከሰመ ጓድ አላት፣ የማይታይ፣ ከጎኗ፤
ብርሃኑ አልቋል፣ ክብደቱ ግን አለ፤ እሱ ነው ሚዛኗ።
እሷ እሱን አትዞርም፤ እሱም እሷን አይዞርም፤
መካከላቸው ባዶ ስፍራ አለ፤ ሁለቱም ያን አይለቁም።
ምንም የለበትም፤ ድንጋይ የለ፣ አቧራ የለ፤
ሁለቱ ግን ዕድሜ ልካቸውን ይሰግዱለታል፣ ልክ እንዳለ።»

መጥረጊያዬን አነሳች፤ አግድም በአንድ ጣቷ ላይ አስተኛችው፤
ጣቷን ቀስ እያደረገች ወደ ከባዱ ጫፍ አስጠጋችው።
ቆመ። አልወደቀም። «አየህ? ከባዱ ይቀርባል፤
ቀላሉ ይርቃል፤ ግን ጣቴን ማን ይለቃል?
ሲቀራረቡ ይሮጣሉ፤ ሲራራቁ ያዘግማሉ፤
ሃምሳ ዓመት ፈጅተው ተመልሰው እዚያው ናቸው፤ እንደገና ይጀምራሉ።»

ሳንቲሟን ቆጠረች፤ ዳቦዎቿን በብብቷ ይዛ ወጣች፤
በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ያ ዱካ የማን ነው?» አለች።

አልመለስኩላትም።
ወንድሜ ሌናርት ነበር የሚቀመጥበት።
በአባታችን ፒክአፕ ተጣልተን፣ አንድ ጠዋት
ወደ ባሕሩ ሄደ፣ ሳልዳኛ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ፤
ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፤ ደብዳቤ የለም አንድ።
እኔም አልጻፍኩም።

የሰኔ መጨረሻ፣ ሱቄን ዘግቼ፣ ኮረብታውን ወጣሁ፤
ታልያርድ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ።
አንዲት ናት። ትርገበገባለች። ሌላ ምንም የለም።
«ጓዷስ?» አልኩት። ሳቀ። «እኔም በዓይኔ አላየሁትም።
ይህን ሁሉ ዘመን የጻፍኩት የሷን መዛነፍ ነው፤
የሱን ክብደት ከሷ እርምጃ ነው የማነበው።»

በእግሬ ወረድኩ። ጠጠሩ ላይ አመዳይ፤ ሰማዩ ከራሴ በላይ ተዘርግቶ፤
መብራት የለ፣ መኪና የለ፤ መንገዱ ለኔ ብቻ ሰፍቶ።
ታች ልደርስ ስል ባትሪዬን ወደ ኋላ አበራሁ፤
አመዳዩ ላይ ዱካዬን አየሁ፦
ከላይ እስከ ታች፣ በግራ ጠርዝ በኩል፣ ጥጉን ይዞ፣
ቀኙን ሙሉ ትቶ፣ አልፎ አልፎም ወደዚያው አዘንብሎ፣ ተጠማዞ።

ዓርብ ዕለት ጌሲና መጣች፤ ሁለት ዳቦ ጠቀለልኩ።
ስለ ዱካው አልጠየቀችኝም፤ እኔም ምንም አላልኩ።
ስትወጣ ግን ተነሥቼ፣ አቧራውን በክንዴ አበስኩ።