መሳሳት

የባሌ ዘንግ ነበር፣ ከበሩ ኋላ የቆመ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ አቧራ እየቃመ።
ተካልኝ፣ የምድር ባቡሩ፣ የፍራንኮው ተካልኝ፣
"ሊትሪናዋ መጣች፣ ምሳዬን አቆዪልኝ!"
እያለ የሚሮጥ፣ አረንጓዴውን ጨርቅ ይዞ፣
ለማያውቀው ሰው ሁሉ እየፈቀደ ጉዞ።
ጨርቁን ብል በላው፣ ዘንጉ ብቻ ቀረ፣
መዳፉ የያዘው ቦታ በላቡ እንደ ጠቆረ።

ሰርቪሱን ያከራየሁት ለዩኒቨርሲቲው መምህር ነው፣
ከነሚስቱ። ፓድማ ትባላለች።
እሱ በጠዋት ባጃጅ ይይዛል፤ እሷ ከግቢው ጋር ትቀራለች።
አማርኛዋ አምስት ቃል ነው፦
"ስንት"፣ "ውሃ"፣ "ቆይ"፣ "ጸሐይ"፣
አምስተኛው የእኔ ስም፤ ይርገዱን "ኢርጋዱ" ትለኛለች።

አንድ ቅዳሜ ሦስት ኪሎ ማሾ ይዛ ከገበያ ገባች።
"ይሄማ በኩንታል ወደ እናንተ አገር የሚጫነው አይደል?
እዚህ ድረስ መጥተሽ ከእኛ ትገዢዋለሽ?" አልኳት።
"ቆይ" አለች።
ያልገባትን ሁሉ "ቆይ" ነው የምትለው።

ከካችው፣ አበጠረችው፣ ወፍጮ ቤት ወሰድኩላት።
"ምስር ነው?" አለኝ ልጁ። "አይደለም።"
"ታዲያ ምን ሊሠራ ነው?" "እኔ እንጃ።"
ዱቄቱ ላይ ቁንዶ በርበሬ ሸርክታ፣ ከሙን፣ ጨው፣ ሶዳ፣
ከቆርቆሮ ሣጥኗም አንዲት ቁንጥር፣ ሽታዋ የአፍንጫ እንግዳ።
"ኢንጉቫ" አለችኝ፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠግታ።
እኔም በእሷ ቋንቋ አንድ ቃል አለኝ እንግዲህ።

ሊጡ ሊጥ አይባልም፣ ድንጋይ ነው፤ ውሃው ጠብታ፤
በሙቀጫ ወቀጥነው፣ ተራ በተራ፣ ክንዳችን እስኪረታ።
መዳመጫ ግን የላትም።
በባዶ የወይን ጠርሙስ ስትዳምጠው
ጠርሙሱ ይሸሻል፤ ጠርዙ ይወፍራል፤ መሀሉ ይቀደዳል።
መዳፏን ወደ ብርሃኑ አንስታ፣ ጣቶቿን ገጥማ አሳየችኝ፦
ይህን ያህል ስስ፣ ብርሃን የሚያልፍበት።

ዘንጉን ከበሩ ኋላ አየሁት።
ሳሳሁ።
ለእንጨት ይሳሳል ወይ? ይስቃል ሰው ቢሰማ።
"ቆይ" አልኳት፣ የራሷን ቃል መልሼ ለፓድማ።
ገባሁ፣ ወጣሁ። ደግሞ ገባሁ።
በሙቅ ውሃ አጠብኩት፤ ሰጠኋት።

ማን ይዞት እንደ ኖረ አላወቀች፤ በሁለት እጇ ገፋችው።
እኔ ሦስት ዓመት ስሳሳ፣ ሊጡ ባንዴ ሳሳ፤
ቢያነሱት በስተኋላው ዝንብ ይታያል ሲነሳ።

በሽቦ አልጋው ላይ አንሶላ ዘርግተን ሰማንያ ክብ ደረደርን።
የአዳማ ጸሐይ ሥራዋን ታውቃለች፣ አትለመንም፤
ነፋሷ ነው ሰው የማታከብር።
እነዚያ ነጫጭ ክንፎች ከሚዞሩበት ጋራ ወርዳ
አሥራ አንዱን ወሰደች፦
አንዱን ቆርቆሮው ላይ፣ አንዱን በአያንቱ የተሰጣ በርበሬ ላይ፣
አንዱ ደግሞ በባጃጅ መስታወት ተለጥፎ ቀበሌ ተሻገረ።
"ቁሚ!" ብዬ ክንዴን አነሳሁ፤ ዘንጉ በእጄ ነበረ።
አረንጓዴው "እለፍ"፣ ቀዩ "ቁም" ነው፤
ጨርቅ የሌለው ዘንግ ምን እንደሚል
ነፋሷም ግራ ሳይገባት አልቀረም።
ፓድማ መሬት ቁጭ ብላ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ።

ማታ ከሰሉ ላይ ጣል አደረገችው፤
ጉብ ጉብ አለ፣ እንደ ፈንጣጣ፤ ተኮማተረ፤ ገለበጠችው።
ስንቆርሰው ጮኸ።
መምህሩ ድምፁን ከደጅ ሰምቶ
ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። እሱን ያህል ሥርዓተኛ ሰው!

ዘንጉን ሳጥበው፣ ባንዲራው በተመታበት የሚስማር ቀዳዳ
ሊጥ ደርቆ ተወትፏል። በመርፌ ላወጣው ብዬ
ተውኩት።
ስሳሳ ተሳስቼ ይሆን? ማን ያውቃል።

ዛሬ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። "ኢርጋዱ! ጸሐይ!"
እጄ ልማዱን አልረሳም፣ ከበሩ ኋላ ዳበሰ፣
ግድግዳ ብቻ አገኘ።
ዘንጉ ወጥ ቤት ነው ያደረው።