ነሐሴ ዘጠኝ፣ ሶቻ ዳር

ለእነሱ በዓል ነው፣ ለእኔ ገና ጾም ነው፤
እመቤቲቱ አንድ፣ ቀኑ ነው የለየው።
ሰባት ቀን ቀደመች የእነሱ ፍልሰታ፣
የእኔዋ ትደርሳለች ሳምንት ዘግይታ።

ከክራን በማለዳ በቀይዋ መኪና፣
ሃምሳ መታጠፊያ፣ ዳገት፣ ጭጋግ፣ ደመና፤
ወለላ ቁጥሩን ጮክ ብላ ስታነብ
ቲኔ ሃያ አንደኛው ላይ ቁርሱን መለሰው።
አማቼ ሽቴፍካ ከፊት ወንበር ላይ ናት፤
ጭኗ ላይ አቅፋለች አንድ ትልቅ ሐብሐብ፣
በየጠመዝማዛው
መዳፏን ትጭንበታለች፣ እንደ ሕፃን እንዳይባንን።

ስምንት ዓመት ሙሉ በእኔና በእሷ መሃል
ያለፈው ቃል ተሰብስቦ እፍኝ አይሞላም፦
«ጨው አቀብዪኝ።» «ልጁ ካልሲ የለውም።»
«ዛሬ ይዘንባል።»
ክፉ አይደለችም፤ ቁጥብ ናት እንጂ፣
በሯን ሁለት ጊዜ እንደምትቆልፈው
አፏንም እንደዚያው።

ወንዙንስ ምን ልበለው?
እኔ የማውቀው ወንዝ፣ በነሐሴ ወር፣
ጭቃ ለብሶ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ አገር የሚያሸብር፤
ይሄ ግን ጠርሙስ ነው፣ ቀልጦ የሚሮጥ፣
ጠጠሩን አንድ በአንድ ከታች የሚያስቆጥር።
አረንጓዴ ስለው ሰማያዊ ይሆናል።
እግሬን ብነክረው አጥንቴ ጮኸብኝ፤
የበረዶ ልጅ ነው፣ ነሐሴን አያውቅም።

ማቴይ ከሰል አያያዘ። ቋሊማው ተንጫጫ፤
ሽታው ወደ እኔ መጣ፣ ነፋሱን ተከትሎ።
«አንድ ቀን ብትበዪ ማን ያይሻል?» አለኝ
እንደ ዓመት ልማዱ፣ እሳቱን እፍ ብሎ።
«ተራራው» አልኩና
ዳቦዬን እንደተጠቀለለ ወደ ጥላው አራቅሁት።

ሽቴፍካ ሐብሐቡን መረብ ውስጥ ከታ
ከድንጋይ ጋር አስራ ውኃው ውስጥ አስተኛችው፤
ቲኔ ግን፣ አምስት ዓመቱ ነው፣
«ዋና ይችል እንደሆን ልየው» ብሎ ፈታው።

ቻለበት!
አዲስ እንደ ተሾመ ሰው
ክቡን ራስ ቀና አድርጎ፣ ዞር ብሎ ሳያይ ወረደ።
ማቴይ መቆንጠጫውን እንደያዘ ሮጠ፣
ወለላ በአንድ ጫማ፣ ቲኔ እያለቀሰ፤
ከሁሉ ፊት ግን፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፣
ቀሚሷን ሰብስባ፣ መነጽሯ ወድቆ፣
ሽቴፍካ ነበረች፣ እየጮኸች፦
«የእሷ ነው! የእሷ! ለእሷ ነው የገዛሁት!
ሌላ የምትበላው የላትም!»

ቆምኩ።
ያን ያህል ቃል ከእሷ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

ከተንጠልጣዩ ድልድይ ሥር፣ ነጩ ዓለት ላይ
ፈነዳ።
በአረንጓዴው መሃል ቀዩ ተበተነ።
እኩሌታው ወደ ጣሊያን ሄደ፤
እዚያ ሲደርስ ወንዙም ስሙን ይቀይራል።
እኩሌታውን ሽቴፍካ፣ እስከ ወገቧ ገብታ፣
በሁለት እጇ አቅፋ አወጣችው።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፣ ውኃው ከቀሚሷ እየተንጠባጠበ።
በእሷ ሰዓት አሥራ አራት ተኩል፣
በእኔ ስምንት ተኩል።
ከኪሷ ማንኪያ አወጣች፣ ጠረገችው፣
አላቀበለችኝም።
«ገና ሠላሳ ደቂቃ ይቀርሻል» አለች፣
«ወለላ ነግራኛለች።»

ከዚያ ግማሹን ሐብሐብ ጭኗ ላይ አድርጋ
ዝንቡን እየከለከለች ጠበቀች።
እሷም አልበላችም።
ማዶ፣ ቋሊማው ከሰሉ ላይ ይጠቁራል፣
ማቴይ መቆንጠጫው ጠፍቶበት ይራገማል።
ሽቴፍካ አንድ ጥቁር ፍሬ በጥፍሯ ነቅላ
ወደ ወንዙ ወረወረች፣
ቀጥላ ሌላ፣
ከዚያ አንዱን መዳፌ ላይ አኖረችልኝ፣
እኔም እንድወረውር።